ቦልድ ከየት መጣ? የክላረንደን ታሪክና የኛዋ «ቤ»

ባለፈው ለዘመድ ሠርግ መጥሪያ ካርድ ለማሠራት አንድ ማተሚያ ቤት ገብተን ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ይሠራል፣ እኛ ከጀርባው ቆመን እናዛለን። «የሙሽሮቹን ስም ቦልድ አድርግልን።» አደረገ። «ቀኑንም።» አደረገ። «አዳራሹን እንዳይስቱት፣ እሱንም።» እሱንም አደረገ። የወላጆች ስም፣ ሰዓቱ፣ ስልኩ፣ «በክብር ጠርተንዎታል» የሚለው ሳይቀር ወፈረ። በመጨረሻ ካርዱ ላይ ሳይወፍር የቀረው «እና» ብቻ ነበር። ልጁ ዞር አለና «አሁን እኮ ምኑም ቦልድ አይደለም» አለን።

ሳቅን። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጁ ልክ ነው። ወፍራም ፊደል ወፍራም የሚሆነው አጠገቡ ቀጭን ሲኖር ነው። ይህቺን ነገር ሥራዬ ብሎ ይዞ፣ ከቀጭን ፊደል ጎን እንዲቆም ታስቦ የተቀረጸ አንድ የታወቀ ፊደል አለ። ስሙ ክላረንደን ይባላል። ለንደን ውስጥ በ1845 ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ኮምፒውተር ላይ «ቢ» (B) የምትለዋን የማወፈሪያ ቁልፍ በተጫንን ቁጥር የምናደርገው ነገር ከሱ ጋር ዝምድና አለው።

ፎንት፣ ቦልድ፣ ሰሪፍ… ምን ማለት ናቸው?

ፎንት ማለት በአንድ ዓይነት መልክ የተሣሉ ፊደላት ስብስብ ነው። «ሀ»ን እኔም እጽፋታለሁ፣ እርስዎም ይጽፏታል። ሁለቱም «ሀ» ናቸው፣ የእጅ ጽሑፋችን ግን ይለያያል። ፎንት የታተመ ፊደል የእጅ ጽሑፍ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ቦልድ የዚያው መልክ ወፍራሙ ወንድም ነው። መልኩ ያው፣ አካሉ ደንደን ያለ።

ሰሪፍ የሚባለው ደግሞ በላቲን ፊደላት ግንድ ጫፍ ላይ የምትወጣዋ ትንሽ ቅጥያ ናት። እኔ ጫማ እላታለሁ። ኤሪያል የሚባለውን ፎንት ስታዩ ፊደሎቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ግንዱ ይወርዳል፣ ያልቃል፣ በቃ። ታይምስ ኒው ሮማን ግን ጫማ አድርጓል። ቀጠን ያለ፣ ለቢሮ የሚሆን ጫማ። ክላረንደን ደግሞ ቦት ጫማ ነው ያጠለቀው። ወፍራም፣ መሬት የሚረግጥ።

ይህ የጫማ ልማድ ከጥንት ሮማውያን የድንጋይ ጽሑፍ የመጣ ነው። በ113 ዓ.ም. በሮም ከተማ የቆመው የትራጃን ዓምድ ሥር የተቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የፊደል ሠዓሊዎች መማሪያ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ጫፉን ለማስተካከል ሲል መሮውን አሳልፎ መታ የሚሉ ነበሩ። ኤድዋርድ ካቲች የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ግን በ1960ዎቹ ሌላ ነገር አለ። ሮማውያን መጀመሪያ በብሩሽ ድንጋዩ ላይ ይጽፉ ነበር፣ ጫማዋ ብሩሹ ሲነሳ የምትቀረው ምልክት ናት፣ ጠራቢው ያንን ተከትሎ ነው የቆፈረው አለ። ካቲች ራሱ በብሩሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፍ ባለሙያ ስለነበረ እጁ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ብዙ ሰው አመነው።

ቦልድ ሳይኖር ሰው አንድን ቃል እንዴት ያጎላ ነበር?

እኛ ጋ መልሱን ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ አይቶታል። በብራና ላይ ጸሐፊው ሁለት ቀለም ይዞ ይቀመጣል። ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም። የምዕራፍ መግቢያውንም በቀይ ይጽፈዋል። ፊደሉ አይወፍርም፣ አይዘምም። ቀለሙ ብቻ ይለወጣል። ዓይን ገጹን ሲቃኝ «ማርያም» የሚለውን ሳያነብ ያገኘዋል።

አውሮፓውያንም በእጅ በሚጽፉበት ዘመን እንዲሁ ቀይ ይጠቀሙ ነበር። ማተሚያ ሲመጣ ግን ቀይ ጣጣ ሆነ። በሁለት ቀለም ለማተም አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጫና ከመጀመሪያው ትንሽ ከሳተ መስመሩ ይበላሻል። የአውሮፓ ማተሚያ አባት የሚባለው ጉተንበርግ ራሱ በ1450ዎቹ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያትም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ላይ ቀዩን በማተሚያ ሞክሮት ነበር። አድካሚ ሆኖበት ተወው። ቀዩን በእጅ የሚሞላ ሰው ይሙላው ብሎ ቦታ ትቶ አለፈ።

ከዚያ በኋላ አታሚዎች በአንድ ቀለም የሚሠሩ ዘዴዎች ፈለጉ። ዘመም ያለ ፊደል መጣ። እኛ ኢታሊክ የምንለው ነው፣ ከ1500 አካባቢ ከቬኒስ የተነሣ። ትልልቁን ፊደል አሳንሶ መጠቀም መጣ። የድሮውን ጥቁር የጎቲክ ፊደል በአዲሱ መሐል መሰንቀርም ነበረ። እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ። ግን አንዳቸውም ከሩቅ አይጣሩም። ዘመም ያለ ቃል ስታነቡ ይታያችኋል፣ ገጹን ስትገልጡ ግን አይዘልላችሁም።

ታዲያ ወፍራም ፊደል የፈለገው ማነው?

ነጋዴው ነው። ሎተሪ ሻጩ ነው። ቲያትር አዘጋጁ ነው።

1800ዎቹ ሲጀምሩ ለንደን በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተሞላች። መጽሐፍ እጅ ላይ ተይዞ ይነበባል። ማስታወቂያ ግን መንገደኛውን አስቁሞ መያዝ አለበት። አንድ ግድግዳ ላይ ሃያ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የመጽሐፍ ፊደል እዚያ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ፊደል ቀራጮች ፊደሉን አወፈሩት። መጀመሪያ ግንዱ እንደ በርሜል ተነፍቶ ጫማው እንደ ክር የቀጠነ ፊደል ወጣ። ሮበርት ቶርን የሚባል ለንደናዊ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ቀጥሎ ጫማውም ጭምር እንደ ጡብ የወፈረ መጣ። ያን ጊዜ ከናፖሊዮን ዘመቻ በኋላ የግብፅ ነገር ሁሉ ፋሽን ስለነበር ይህንን ባለጡብ ጫማ ፊደል «ኢጂፕሽያን» አሉት። ከግብፅ ጋር ምንም አያገናኘውም። የፋሽን ስም ነው፣ ዛሬ ካፌ ሲከፈት «ፓሪስ» እንደሚባለው።

ቶርን በ1820 ሲሞት ፋን ስትሪት የነበረውን የፊደል ማቅለጫውን ዊልያም ቶሮጉድ የሚባል ሰው ገዛው። ገንዘቡን ያገኘው ሎተሪ ደርሶት ነው ይባላል። የሎተሪ ማስታወቂያ ያደለበው ፊደል፣ ሎተሪ በደረሰው ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። ክላረንደን የወጣው ከዚሁ ቤት ነው።

ክላረንደን ምን አዲስ ነገር አመጣ?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ያኔ ፊደል እንዴት ይሠራ እንደነበር ካላየን ነገሩ አይገባንም።

ቀራጩ ጣት የምታክል የብረት ዘንግ ይይዛል። ጫፏ ላይ አንዲት ፊደል በግልባጭ ይቀርጻል። ሲጨርስ ብረቷን አጠንክሮ በመዶሻ መዳብ ላይ ይመታታል። መዳቡ ላይ የፊደሏ ጉድጓድ ይቀራል። ወደዚያ ጉድጓድ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ፊደል ይሆናል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ፊደል፣ ለአንድ መጠን ነው። መጠኑ ከፍ ይበል ከተባለ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ቦልድ ቁልፍ አልነበረም። ሌላ ሙሉ ሣጥን እርሳስ ነበር፣ በገንዘብ የሚገዛ።

ስለዚህ ወፍራም ፊደል የሚገኘው በአብዛኛው ለማስታወቂያ በሚሆን መጠን ነበር። መዝገበ ቃላት የሚያሳትም ሰው ግን የሚፈልገው ትንሽ ወፍራም ፊደል ነው። ከተራው ፊደል ጋር በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁመት የሚቀመጥ። ያሉት ወፍራሞች ትንሽ ሲደረጉ ውስጣቸው ይደፈናል፣ ወይ መስመሩን ይረብሻሉ። ጉልቤ እንግዳ ጠባብ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ።

በ1845 ፋን ስትሪት ይህንን የሚፈታ ፊደል አወጣ። የቶሮጉድ ሸሪክ የነበረው ሮበርት ቤስሊ አሳተመው፣ ቤንጃሚን ፎክስ የሚባለው ቀራጭ በእጁ ቀረጸው። ስሙን ከኦክስፎርዱ ክላረንደን ማተሚያ ቤት ወሰደ ይባላል። ፊደሉ ወፍራም ነው ግን ጠበብ ያለ፣ ከተራው ፊደል ጎን ሲቆም ብዙ ቦታ የማይወስድ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ የሚፈታው ቃል በክላረንደን፣ ፍቺው በተራው ፊደል ይሆናል። አንባቢ ጣቱን ገጹ ላይ እያወረደ ወፍራሞቹን ብቻ ያያል፣ የሚፈልገው ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የሚጀምረው።

ይህች ልዩነት ቀላል ትመስላለች። ማስታወቂያው ላይ ወፍራሙ ፊደል ይጮሃል። መዝገበ ቃላቱ ላይ ግን መንገድ ያሳያል። ያው ውፍረት፣ ሌላ ሥራ። እንግሊዝ አገር አታሚዎች ለረጅም ጊዜ ቦልድን ራሱን «ክላረንደን» ብለው ይጠሩት ነበር። ልክ እኛ ማንኛውንም የሳሙና ዱቄት «ኦሞ» እንደምንለው።

ቤስሊ ፊደሉን በመንግሥት አስመዘገበ። ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ ግን 3 ዓመት ብቻ ነበር። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ተፎካካሪዎቹ ተጋፍተው ገለበጡት። ቤስሊ በዚህ በጣም ተናደደ። ያም ሆኖ ሕይወት አልጨከነችበትም፣ በ1869 የለንደን ሎርድ ከንቲባ ሆኗል።

ሳየው በምን ልለየው?

ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ ጫማውን። ወፍራም ነው፣ ግን ከግንዱ ጋር በማዕዘን አልተገጠመም። የዋርካ ግንድ መሬት ሲገባ ሰፋ እያለ እንደሚወርደው ለስለስ ባለ ኩርባ ነው የሚገናኙት። ከሱ በፊት የነበሩት ባለጡብ ጫማዎች ደረቅ ናቸው፣ ጡብ ላይ የቆመ እንጨት ይመስላሉ። ክላረንደን ጠንካራ ሆኖ ሳለ ፊቱ የማይኮሳተረው በዚህች ኩርባ ነው።

ሁለተኛ፣ የትንንሾቹ ፊደላት ጫፍ ላይ ሽምብራ የምታክል ክብ ኳስ አለች። ትንሿ «ኤ» አናቷ ላይ፣ «ሲ» አፏ ላይ ትይዛለች። ሦስተኛው ትልቋ «አር» ናት። የቀኝ እግሯ ወርዶ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ እንደ በሶብላ ቅርንጫፍ። እኔ ክላረንደንን ከሩቅ የምለየው በዚህች እግር ነው።

በተረፈ ግንዱና አግዳሚው በውፍረት ብዙ አይበላለጡም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ጋዜጣ ላይ እንደርሳለን።

ካውቦይ ፊልም ላይ የማየው ፊደል እሱ ነው እንዴ?

ዘመዱ ነው። አሜሪካ ሲደርስ የክላረንደን ነገር ሌላ ሆነ።

ትልቅ ፊደል በእርሳስ መሥራት ከባድ ነው። ክብደቱ ሸክም ነው፣ ዋጋው አይቀመስም፣ ሲቀዘቅዝ ይጎረብጣል። በ1820ዎቹ መጨረሻ ዳሪየስ ዌልስ የሚባል የኒውዮርክ ሰው ፊደልን ከእንጨት በማሽን እየቆረጠ በብዛት መሸጥ ጀመረ። እንጨት ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። የፈለጉትን ያህል ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይረዝማል። አሜሪካውያን ፊደል ቆራጮች ክላረንደንን ይዘው እንደ ሊጥ ሳቡት።

ከዚህ ሁሉ የታወቀው «ፍሬንች ክላረንደን» የሚሉት ነው። እሱ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ግንዱ ቀጠነ፣ ጫማውና ባርኔጣው ወፈረ። በፊልም «ተፈላጊ» የሚል የወንበዴ ፎቶ ያለበት ወረቀት ስታዩ፣ ያ ከላይና ከታች የወፈረው፣ መሐሉ የቀጠነው ጽሑፍ ይሄ ነው። ሰርከሱም፣ የቲያትሩም፣ የጨረታውም ማስታወቂያ በዚሁ ይታተም ነበር። እውነት ለመናገር ለዓይን አድካሚ ነው። ግን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም፣ ሥራውም እሱ ነበር።

ጋዜጦችስ ለምን ወደዱት?

በመጥፎ ወረቀት ምክንያት። ጋዜጣ በርካሽ ወረቀት ላይ፣ በቀጭን ቀለም፣ በከፍተኛ ፍጥነት ይታተማል። በዚህ ላይ ቀጭን ክር ያለው ፊደል ይሰባበራል። «ኢ» የነበረችው «ሲ» ትመስላለች። የክላረንደን ዓይነት ፊደል ቀጭን ክር ስለሌለው የሚጠፋ ነገር የለውም። አሜሪካዊው የላይኖታይፕ ኩባንያ በ1920ዎቹ አጋማሽ «አዮኒክ» የሚል የጋዜጣ ፊደል ሲያወጣ የተከተለው ይህንኑ ቅርጽ ነው፣ ውፍረቱን ቀነስ አድርጎ። ብዙ ጋዜጦች ወሰዱት።

ታይምስ ኒው ሮማን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በ1932 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ። እሱም ቦልድ አለው። አንድ ቀን ሥራ ፈት ስትሆኑ ተራውንና ቦልዱን አስተያዩ። ቦልዱ ተራው ወፍሮ የመጣ አይደለም። መልኩ ራሱ ይለያል፣ የአጎት ልጅ እንጂ ወንድም አይመስልም። ሁሉም ሰው ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አለው፣ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ የት ይገኛል?

ክላረንደን ለተወሰነ ጊዜ የሽማግሌ ፊደል ሆኖ ተረስቶ ነበር። በ1953 የስዊዘርላንዱ ሃስ ፊደል ማቅለጫ ሄርማን አይደንቤንዝ በተባለ ሠዓሊ እጅ እንደገና አሣለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ፍሪማን ክሮ የራሱን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ክላረንደን የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። የቢራ ጠርሙስ፣ የመጽሔት ሽፋን፣ የባንክ ምልክት ላይ ወጣ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የብሔራዊ ፓርኮች መንገድ ላይ በቡናማ ሰሌዳ በነጭ ተጽፎ የምታዩት ባለጫማ ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት ክላረንደን ነበር። በኋላ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሌላ ፊደል እየተተካ መጣ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ሳሎን ውስጥ የነበረውን የድሮ ሶኒ ቴፕ አስታውሱ። «ሶኒ» የምትለዋ ጽሑፍ የዚሁ ቤተሰብ ናት። ወፍራም ጫማ፣ ሰፊ አቋም። እኛ ቤት ዳንቴል ለብሳ ነበር የምትቀመጠው።

መሞከር ለሚፈልግ «ቤስሊ» የሚባል ፎንት በነፃ ይወርዳል። በሰውየው ስም የተሰየመ፣ በጥንቱ ክላረንደን መንፈስ የተሣለ ነው።

ባለጫማ ፊደል ለንባብ ይቀላል የሚባለው እውነት ነው?

ብዙ ሰው ጫማው ዓይንን በመስመሩ ላይ ይመራል ይላል። ጥሩ ታሪክ ነው። በጉዳዩ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አላሳዩም። ከጫማው ይልቅ የፊደሉ መጠን፣ የመስመሩ ክፍተትና የአንባቢው ልማድ ይበልጥ ይወስናሉ። ስለ ቦልድ ግን ክርክር የለም። ሙሉ አንቀጽ በቦልድ ማንበብ ያደክማል። ፊደል የሚነበበው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ባለው ነጭ ጭምር ነው፤ ውፍረት ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ነጭ ነው።

አማርኛ ላይ የ«B»ን ቁልፍ ስንጫን ምን ይፈጠራል?

ወደ ሠርጉ ካርድ ልመልሳችሁ። ካርዱ ለናሙና ታትሞ ሲመጣ ከታች በትንሹ የተጻፈው መስመር ላይ አንድ ነገር አየሁ። «ቤተሰብ» የሚለው «ቢተሰብ» ይላል። ልጁን ጠራሁት። ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አሳየኝ፣ «ቤ» ነው ያለው። ወረቀቱ ላይ ግን «ቢ» ነው።

ምን ሆነ? «ቢ» እግሯ ላይ አንዲት ጭረት አላት። «ቤ» እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አላት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቀለበቷ ቀዳዳ ብቻ ነው። ፊደሏ ስትወፍር ቀዳዳዋ ተደፈነች። ቀለበቷ ጭረት ሆነች። «ሌ» ከ«ሊ»፣ «ዴ» ከ«ዲ» ጋር እንዲሁ ይሳከራሉ። «ሐ» እና «ጠ» ደግሞ ሦስት እግራቸው ተጣብቆ አንድ ጥቁር ድፍን ይሆናል። እንግሊዝኛ ላይ የቦልድ ጥፋት መልክ ማበላሸት ነው። አማርኛ ላይ አናባቢ ይውጣል።

ይህ የሚሆነው ብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ቦልድ ስለሌላቸው ነው። ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት የተጠቀምንበት ኒያላ የመጣው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። አቢሲኒካም እንዲሁ። ታዲያ የ«B»ን ቁልፍ ስንጫን ሲወፍር የምናየው ምንድነው? ኮምፒውተሩ ያደረገው ማጭበርበር ነው። የፊደሉን ዙሪያ በሁሉም በኩል እኩል ያሳብጠዋል፣ ወይም ፊደሉን ትንሽ ገፋ አድርጎ በራሱ ላይ ይደግመዋል። ቀለበት ይሁን፣ እግር ይሁን፣ ክፍተት ይሁን አይለይም።

እውነተኛ ቦልድ ግን እንደገና የሚሣል ነው። ሠዓሊው ግንዱን ሲያወፍር ቀለበቷን ያሰፋታል፣ እግሮቹን ያራርቃቸዋል፣ የፊደሉን ወርድ ይጨምራል፣ ቀጭኑን መስመር ብዙም አያወፍረውም። ቤንጃሚን ፎክስ በብረት ዘንግ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የኛ ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፣ እነ «ሏ» እና «ቋ» ሳይቆጠሩ። አንድ ቦልድ መሥራት ማለት ይህን ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ መሣል ነው። ብዙዎች ለምን እንደተዉት አይገርምም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። የሰው ስም ከተራ ቃል በፊደሉ አይለይም። የዘመመ ፊደልም የኛ ልማድ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ሲያዘምመው ነፋስ የገፋው አጥር ይመስላል። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ለማጉላት ሦስት አራት መሣሪያ አለው። እኛ ቀይ ቀለሙን ብራናው ላይ ትተን ስንመጣ በእጃችን የቀረው ቦልድ ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነተኛ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መጀመሪያ ፎንቱ የራሱ ቦልድ እንዳለው ማየት ነው። ከነፃዎቹ መካከል ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ድፍን ጥቁር በዘጠኝ ውፍረት ተሥሏል። የ«ቤ»ን ቀለበት በትልቁ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ተራውና ቦልዱ ላይ ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነች ሰው አስቦበታል ማለት ነው። ከሌለው ማወፈሩን ትቶ መጠኑን ከፍ ማድረግ ይሻላል፣ ወይም ዙሪያውን ነጭ ቦታ መተው። ቀይም አለ። ቀይ ለኛ ዓይን እንግዳ አይደለም፣ የዛሬ ማተሚያም እንደ ጉተንበርግ አይቸገርበትም።

የኛን ካርድ ልጁ በአዲስ ፎንት እንደገና ሠራው። ከዚያ ፊቱን ወደኛ አዞረና «እንግዳው አንድ ነገር ብቻ ቢያይ የትኛውን ይይ?» ብሎ ጠየቀን። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። የሙሽሪት እናት «ስም» አሉ፣ አጎትየው «አዳራሹ» አሉ። በመጨረሻ አዳራሹና ቀኑ ቦልድ ሆኑ። የሙሽሮቹ ስም ትልቅ ሆኖ፣ ግን በተራው ውፍረት፣ ለብቻው መሐል ላይ ተቀመጠ። «ቤተሰብ» ቀለበቷ ተመለሰላት።

ሠርጉ አለፈ። ማንም አዳራሹን አልሳተም። የሙሽሪት እናት ግን ካርዱን ባዩት ቁጥር እስከ ዛሬ «የልጄ ስም ከሳ» ይላሉ።